አባ ሐጎስ የጠበቁት ካባ

ባለፈው ሳምንት አንዲት ሙሽራ ሁለት ሚዜዎቿን አስከትላ መቀሌ፣ ሓድነት ሰፈር ወዳለችው የስፌት ሱቄ መጣች። የሰርግ ካባ ተከራይታ ሰፍቷት ኖሮ በጎኑ እንዳጠብብላት ፈልጋ ነበር። መስተዋቱ ፊት አቁሜያት፣ መርፌ በከንፈሬ ይዤ፣ ትርፉን ጨርቅ እየቆነጠጥኩ ስለካ ስልኳ ጮኸ። ካባውን ከትከሻዋ አውልቃ መሬት ላይ ጣለችውና በላዩ ተራምዳ ወደ ደጅ ወጣች። ምን እንደነካኝ አላውቅም፣ ጮህኩባት። እኔ ደንበኛ ላይ የምጮህ ሰው አይደለሁም፤ ሠላሳ ዓመት ሊሆነኝ ነው በዚህ ሥራ፣ ስንቱን አመለኛ ችዬ አሳልፌያለሁ። ልጅቷ ደንግጣ ቆመች። ከሚዜዎቿ አንዷ ካባውን እያነሳች፣

«ምነው እትየ፣ ጨርቅ እኮ ነው» አለችኝ።

ልክ ናት፣ ጨርቅ ነው። የሰርግ ካባ በአንድ ቅዳሜ ሦስት ሙሽራ ላይ የሚዞር የኪራይ ዕቃ ነው። ይቅርታ ጠየቅኋት፣ ጎኑን አጥብቤ፣ ተኩሼ ሰጠኋት። ከሄዱ በኋላ ግን ሥራ አልያዝልኝ አለ። ውጭ ደመናው ከብዶ ነበር፣ ነሐሴ ነው። በነሐሴ እንዲህ ከሰዓት በኋላ ሲጨልም እኔ ሁልጊዜ አንድ ነገር ትዝ ይለኛል፣ ለማንም ደግሞ ሙሉውን አውርቼው አላውቅም።

መንግሥት በተለወጠ በሦስተኛው ዓመት ነበር፤ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። የምንኖረው ቁሓ ነው። ያኔ ቁሓ የመቀሌ ጫፍ ሳትሆን ራሷን የቻለች ከተማ ነበረች፤ ወደ መቀሌ ለመሄድ ሚኒባስ እስኪሞላ መንገድ ዳር መጠበቅ ነበረብን፣ ክረምት ከሆነ ደግሞ ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚት ይውጣል። አባቴ የደብረ ብርሃን ሰው ነው፤ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ሆኖ ተመድቦ መጣና የእንደርታዋን እናቴን አግብቶ በዚያው ቀረ። ቤት ውስጥ የአባቴን አማርኛ፣ ደጅ የእናቴን ትግርኛ እየተናገርን አደግን። አባትና እናቴ በብዙ ነገር አይስማሙም ነበር፣ በሽሮው ውፍረት ሳይቀር። በቤተ ክርስቲያን ነገር ግን አንድ ቃል ነበሩ።

አባቴ ዳዊቱን በነጭ ጨርቅ ጠቅልሎ ከፍ ካለ መደርደሪያ ላይ ያስቀምጣል። እናቴ በወር አበባዋ ቀናት ያንን መደርደሪያ እንኳ አቧራውን አትጠርግም። አሥራ ሦስት ዓመት ሲሞላኝ ጓዳ አስገብታ፣ በሩን ገርበብ አድርጋ በሹክሹክታ ነገረችኝ፦ ሰባት ቀን ቤተ ክርስቲያን አትገቢም፣ ጠበል አትጠጪም፣ የተቀደሰ ነገር በእጅሽ አትነኪም። ደግሞ ለማንም አይነገርም። እነዚህን ሁለቱን፣ አለመንካቱንና አለመናገሩን፣ እኩል ክብደት ሰጥታ ስለነገረችኝ እኔም ልቤ ውስጥ እኩል አስቀመጥኳቸው።

ስፌት የተማርኩት መቀሌ፣ በካቶሊክ ደናግል ግቢ ነው። ከትምህርት ቤት ከወጣሁ በኋላ ሥራ አጥቼ ስቀመጥ፣ አንዲት ጎረቤታችን ለሴት ልጆች ስፌት እንደሚያስተምሩ ነገረችን። አባቴ ሦስት ቀን አሰበበትና «ስፌቱን ተማሪ፣ የቀረውን ለእነሱ ተዪላቸው» ብሎ ፈቀደ። ያስተማረችኝ ሲስተር ለተብርሃን ትባላለች። ቀጭን፣ ድምጿ ዝቅ ያለ፣ እጆቿ በሳሙና የተሰነጣጠቁ ሴት ነበረች፤ የቤተ ክርስቲያናቸውን አልባሳት ሁሉ የምታጥበውና የምትተኩሰው እሷ ነበረች። ከላይ የማይታይ ስፌት ያስተማረችኝ እሷ ናት። ጥሩ ስፌት የሚባለው ሰው ልብሱን አይቶ ሰፊዋን ሲረሳ ነው ትል ነበር። እኔ ደግሞ በዚያ ዕድሜዬ ማንም እንዲረሳኝ አልፈልግም ነበርና ነገሯ ብዙም አልጣመኝም።

ተምሬ ጨርሼ ቤቴ የተማሪ ዩኒፎርም እየሰፋሁ ሳለ፣ ሐምሌ መጨረሻ ላይ ሲስተር ላከችብኝ። ስደርስ ዝናብ አበስብሶኝ ነበር። ሻይ ካጠጣችኝ በኋላ ከቤተ ክርስቲያኑ ጎን ወዳለችው የልብሰ ተክህኖ ክፍል ወሰደችኝ። ጠባብ ክፍል ናት፤ ትልቅ የእንጨት ቁም ሣጥን፣ አንድ መስኮት፣ አንድ ወንበር። ወንበሩ ላይ አባ ሐጎስ ተቀምጠዋል።

አባ ሐጎስን ከዚያ በፊት በሩቅ አውቃቸው ነበር። የአጋሜ ሰው ናቸው፣ ረጅም፣ ድምፃቸው ግቢውን የሚሞላ። ያን ቀን ያየሁት ግን ሌላ ሰው ነው። ሆዳቸው ውስጥ በሽታ ገብቶ በአንድ ዓመት ውስጥ ግማሽ አድርጓቸው ነበር። አንገታቸው ከቀሚሳቸው ክፍት ውስጥ ብቻውን ቆሟል።

«የመዝገብ ቤቱ ሰውዬ ልጅ ነሽ?» አሉኝ በአማርኛ። «በአማርኛ ነው የማዋራሽ፣ አባትሽ እንዳይቀየመኝ።»

ሲስተር ከቁም ሣጥኑ አንድ ልብስ አውጥታ ክንዷ ላይ ዘረጋችው። እንደ እኛ ቄሶች ካባ ፊቱ የተከፈተ አይደለም፤ ከላይ በራስ የሚጠለቅ፣ በሁለት ጎኑ የተሰፋ፣ ሰፊ ነገር ነው። እሳቸው ግን ካባ ነበር የሚሉት። ጨርቁ የአገር ጥጥ ነው፣ ነጭ ነበረ፣ አሁን የቅቤ መልክ ይዟል። ዳርና ዳሩ ላይ ቀይና ወርቃማ ጥለት አለው። የአንገቱ ውስጥ በላብ ብዛት ቡናማ ሆኗል።

ነገሩ ይህ ነበር። በመጪው ወር፣ በጾመ ፍልሰታ መካከል ባለው እሁድ፣ አባ ሐጎስ ከቀሰሱ ሃምሳ ዓመት ይሞላቸዋል። ያን ቀን ራሳቸው ሊቀድሱ ፈልገዋል። ሐኪሙ ከዚያ በኋላ ብዙ እንደማይቆዩ ለሲስተር ነግሯታል፤ እሳቸውም ሳይነገራቸው ያውቃሉ። ጥጡን የፈተሉት እናታቸው ናቸው። ልጃቸው ገና ተማሪ ሳለ ሁለት ክረምት ሙሉ ፈትለው፣ የመንደራቸው ሸማኔ ሠርቶት፣ የክህነቱ ቀን ሳይደርስ ሞቱ። አባ ለመጀመሪያው ቅዳሴያቸው የለበሱት ይህን ነው። አሁን ግን ልብሱ ከሰውነታቸው በላይ ሆኖ መሬት ይጎተታል፤ በፋሲካ ጫፉን ረግጠው ከመሠዊያው ደረጃ ላይ ወድቀው ነበር።

«የመጀመሪያውን በእሱ ቀደስኩ፣ የመጨረሻውንም በእሱ» አሉ።

«አባ!» አለች ሲስተር በቁጣ።

«ምን አልኩ? ሌሎቹን ከውጭ የመጡትን የሚያብለጨልጩትን ለወጣቶቹ ስጪያቸው።»

እኔ እጄን ወደኋላ አጣምሬ ቆሜያለሁ። ልለካቸው መቅረብ አለብኝ፣ ልብሱን መንካት አለብኝ፤ እግሬ እምቢ አለኝ። በመጨረሻ፣

«አባ፣ እኔ እኮ ኦርቶዶክስ ነኝ። መንካት ይፈቀድልኛል?» አልኳቸው።

«መርፌሽስ? እሱም ኦርቶዶክስ ነው?» ብለው ሳቁ። ሳቃቸው ወዲያው ወደ ሳል ተለወጠና ሲስተር ውኃ ሰጠቻቸው።

ሳሉ ሲበርድላቸው ልለካቸው እንዲመች አንድ በአንድ መልበስ ጀመሩ። እያንዳንዱን ሳይለብሱ በፊት ይሳለሙታል፣ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። እያየኋቸው ገርሞኛል። የእኛ ካህናት ልብሰ ተክህኖ ሲለብሱ ምን እንደሚሉ አላውቅም ነበር፤ ሴት ልጅ የት ቆማ ትሰማለች?

«ነጩን ቀሚስ ስለብስ ንጹሕ አድርገኝ እላለሁ» አሉኝ። «መታጠቂያውን ስታጠቅ ሥጋዬን ግዛልኝ እላለሁ፤ አሁንማ የሚገዛ ሥጋ የት አለ! የአገሬ ምግብ ጥሕሎ እንኳ አልወርድ ብሎኝ፣ ለአጋሜ ሰው ከዚህ በላይ ሞት የለም። ይህ በአንገቴ የማጠልቀው ሞጣሕት ነው፣ ክህነቴ፣ ሥልጣኔ ማለት ነው። ካባው ከሁሉም በላይ ይመጣል። እሱ ፍቅር ነው። ሥልጣኑ ከሥር ይሁን፣ ፍቅር ከላይ ይሸፍነው ማለት ነው። ያለ ካባው ብቆም ግብር ልሰበስብ የመጣሁ ሹም ነው የምመስለው።»

ተንበርክኬ ጫፉን ስለካ ደግሞ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣

«ሰው ልብሱ ለቄሱ ክብር ይመስለዋል» አሉ። «አይደለም ጓለይ፣ ልጄ። እኔን ለመሸፈን ነው። ሐጎስ ቁጡ ነው፣ ሐጎስ ሆዳም ነበር። እሱን ሰው እንዳያየው ነው።»

ከመሄዴ በፊት አንድ ነገር ብቻ ለመኑኝ። ትርፉን እንዳልቆርጠው፣ ወደ ውስጥ አጥፌ እንድሰፋው። የእናቴ ፈትል ነው፣ መቀስ አይግባበት አሉኝ።

ካባውን በነጭ አንሶላ ጠቅልዬ ቁሓ ወሰድኩት። ሚኒባሱ ውስጥ አንዲት የበለስ ነጋዴ ቅርጫቷን ጭኔ ላይ ልታሳርፍ ስትል በምን ዓይነት ድምፅ እንደከለከልኳት እንጃ፣ እስክንወርድ ፊቷን አዙራብኝ ተቀመጠች። ቤት ገብቼ የማን እንደሆነ ስነግራት እናቴ እጇን በውኃ ታጥባ መጥታ ጫፉን ዳሰሰችና «ፈታይቱ እጅ ነበራት» አለች። አባቴ ደግሞ በማግስቱ ሳልጠይቀው መስኮቱ ሥር ያለውን የጽሕፈት ጠረጴዛውን ለቀቀልኝ።

ሁለት ሳምንት በእጄ ሰፋሁት። በመኪና መስፋት እችል ነበር፤ ልቤ አልፈቀደም። ፍልሰታ ገብቶ በየማለዳው ወደ ቤተ ክርስቲያን እንሄዳለን፣ ከቅዳሴ መልስ በዘጠኝ ሰዓት እናቴ የመታችውን የባቄላ ሕልበት እንበላለን፤ በተረፈው ሰዓት መስኮቱ ሥር ነኝ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ውሎ ያድራል። ያን ጊዜ የተሰማኝን ዛሬም አልረሳውም። ትልቅ ነገር በእጄ የተሰጠኝ መሰለኝ፣ ኩራትም ነበረው። እያንዳንዷን የፈትል ክር እያየሁ፣ ያቺ የማላውቃት ሴት ደጇ ላይ ተቀምጣ እንዝርት ስታሾር አስባለሁ። ሲስተር እንዳስተማረችኝ ክሩ ከላይ እንዳይታይ አድርጌ ሁለቱን ጎን ወደ ውስጥ አጠፍኩ፣ ጫፉን አሳጠርኩ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ጨረስኩ። በከሰል ካውያ ተኩሼ፣ ጭቃ እንዳይነካው ግድግዳው ላይ ከፍ ያለ ሚስማር ላይ ሰቀልኩትና አንሶላውን አለበስኩት።

እናትና አባቴ የዚያኑ ዕለት ጠዋት የእናቴ አክስት አርፋ ወደ ውቅሮ ሄደው ነበር። እሁድ ማለዳ ካባውን ይዤ መሄድ ያለብኝ እኔ ነኝ። ቅዳሴው በሦስት ሰዓት ነው፣ በሁለት እደርሳለሁ ብዬ ለሲስተር ቃል ሰጥቻታለሁ።

እሁድ ማለዳ ስነሳ የወር አበባዬ መጥቶ ነበር። አራት ቀን ቀድሞ።

መጀመሪያ አልጋዬ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። ከዚያ ተነስቼ ታጠብኩ፣ ልብሴን ቀየርኩ፣ ከካባው ፊት ለፊት ቆምኩ። በአንሶላ ጠቅልዬ ሳልነካው ብይዘውስ አልኩ። በርጩማ ላይ ወጥቼ እጄን ዘረጋሁ። እጄ አንሶላው ዘንድ ሳይደርስ ቀረ። ይህን ልብስ ለብሰው እኮ ነው ሥጋ ወደሙን የሚያነሱት፣ አልኩ በልቤ፤ የእናቴ የጓዳ ሹክሹክታ በጆሮዬ ነበር። የእሳቸው ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ምን እንደሚል አላውቅም፣ መጠየቅም አልመጣልኝም። ከበርጩማው ወረድኩ።

ከዚያ ሌላ ሰው ይውሰድልኝ ብዬ አሰብኩ። ጎረቤታችን አደይ ለምለም ደግ ሴት ናቸው፤ ብለምናቸው ነጠላቸውን ጣል አድርገው ይሄዱ ነበር። ደጃቸው ድረስ ሄድኩ። በሩን ከፍተው ፊቴን አዩና፣

«እንታይ ደኣ ኾንኪ፣ ጓለይ? ምን ሆንሽ? እናትሽ ደኅና ገቡ?» አሉኝ።

ለምን አንቺ አትወስጂውም ይሉኛል። ምን ብዬ እመልሳለሁ? ከኋላቸው ባላቸው ተቀምጠዋል፣ የሚሰማ ወንድ ልጅ አለ። አፌን ከፍቼ፣

«ጨው አልቆብኝ ነበር» አልኩ።

ጨው በስኒ ሰጡኝ። አመስግኜ ተመለስኩ። ዛሬ ድረስ በዚህ በጨው ነገር አፍራለሁ። ሃያ ሁለት ዓመት የሞላኝ ሰው፣ አንድ ሽማግሌ ሰው በሞት አፋፍ ላይ ሆኖ እየጠበቀኝ፣ ጨው ይዤ ቤቴ ገባሁ።

ከዚያ ራሴን ማጽናናት ጀመርኩ። ሌላ ካባ ሞልቷቸዋል፣ ቁም ሣጥኑን አይቼዋለሁ፤ አንዱን ለብሰው ይቀድሳሉ አልኩ። ደግሞ እንዲህ ባለ ቀን ነክቼ ሳረክስባቸው ይሻላል ወይ አልኩ። ሁለት ሰዓት ሆነ፣ ሦስት ሰዓት ሆነ። ዝናቡ ጀመረ። ካባው ግድግዳው ላይ እንደተሸፈነ ተሰቅሏል፣ እኔ ትይዩው መሬት ላይ ተቀምጫለሁ። ቀኑን ሙሉ እህል አልቀመስኩም። እናትና አባቴ ማክሰኞ ሲመለሱ ካባውን አይተው «አላደረስሽውም?» አሉኝ፤ «አመመኝ» አልኩ። እናቴ ገባት፤ ዓይኗን ሰበር አደረገችና ሌላ ነገር አወራች። ነገ እኔ አደርሰዋለሁ አለች።

ሳታደርሰው ረቡዕ ማለዳ ሲስተር ለተብርሃን ራሷ መጣች። ጫማዋ በጭቃ ተለውሷል። በረንዳው ላይ ቆማ ሰላምታ ከሰጠችን በኋላ፣

«ካባው አልቋል ጓለይ?» አለችኝ። «አባ ትናንት ማታ አርፈዋል። በእሱ ነው የምንቀብራቸው።»

እናቴ ደረቷን መታች። ሲስተር እሁድ የሆነውን የነገረችኝ ስጠይቃት ነው፣ ያውም እየደበቀች። አባ ከአንድ ሰዓት ተኩል ጀምሮ ነጩን ቀሚስ ለብሰው፣ ታጥቀው፣ ሞጣሕቱን አጥልቀው በዚያች ወንበር ላይ ተቀምጠው ነበር። ሦስት ሰዓት ሲሆን ሌላ ካባ አምጥታ «ይህን ይልበሱ» አለቻቸው። «መንገዱ ጭቃ ነው፣ ልጅቷ ትመጣለች፣ አትቸኩሉ» አሉ። ሕዝቡ ጠበቀ። በሩ በተንቀሳቀሰ ቁጥር ቀና ይላሉ። አራት ሰዓት ሲሆን ሊነሱ ሞከሩ፣ እግራቸው ከዳቸው። አንድ ወጣት ቄስ በእሳቸው ፈንታ ቀደሰ። እሳቸውን ተሸክመው አልጋቸው ላይ አስተኟቸው። ከዚያ ወዲያ አልተነሱም።

«ታመሽ ነበር አይደል?» አለችኝ ሲስተር። አዎ ብላት ይበቃ ነበር። እሷም አዎ እንድል የፈለገች ይመስለኛል።

እናቴ ወደ ጓዳ እስክትገባ ጠበቅኩና እውነቱን ነገርኳት። ያን ቃል ከአፌ አውጥቼ ስናገር የመጀመሪያዬ ነበር። ሲስተር የተሰነጣጠቁ እጆቿን አየች።

«የመሠዊያውን ልብስ ሁሉ የማጥበው እኔ ነኝ» አለች በመጨረሻ። «ሃያ ዓመት። በየትኛው ቀን እንደማጥበው አንድም ሰው ጠይቆኝ አያውቅም። አባም።» ቀጥላም፣ «ብትልኪብኝ እኔ መጥቼ እወስደው ነበር እኮ» አለች።

አልተቆጣችም። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ አብሬያት መሄድ እንዳለብኝ ነገረችኝ። ካባውን የለካሁት ለተቀመጠ፣ ለቆመ፣ ክንዱን ለሚያነሳ ሰው ነው፤ አሁን በተኛበት ላልብስ ቢሉ አይገባም፣ ጎኑ ጠቧል። በጎኑ ያጠፍኩት ሁሉ መተርተር አለበት፤ የማይታይ ስፌት ደግሞ የሰፋችው ካልሆነች ሌላ ሰው ጨርቁን ሳይጎዳ አይተረትረውም። በአራተኛ ቀኔ ላይ ነበርኩ። ሲስተር ታውቃለች። ዓይን ዓይኔን እያየች ጠበቀችኝ። በርጩማው ላይ ወጣሁ፣ ካባውን ከሚስማሩ አወረድኩ፣ በእጄ።

አባ ያሉት በክፍላቸው ነው፤ ታጥበው፣ ነጩን ቀሚስ ለብሰው፣ ሞጣሕቱ አንገታቸው ላይ። ሥልጣኑ ብቻ፣ አልኩ በልቤ። ሲስተር ወንበር ሰጠችኝ። መስኮቱ ሥር ተቀምጬ መተርተር ጀመርኩ። ሁለት ሳምንት የሰፋሁትን። በሩ ላይ ወጣቱ ቄስና ሬሳ ሣጥኑን የያዙት ሰዎች ቆመዋል፣ ማንም አያጣድፈኝም። ዓይኔ በእንባ እየተጋረደ ክሩ አልታይ ይለኛል፤ ራሴ ነኝ እንዳይታይ አድርጌ የሰፋሁት። እጠርጋለሁ፣ ደግሞ እፈልጋለሁ። አንድ ሰዓት ያህል ፈጀብኝ። ያን አንድ ሰዓት ሁሉ አባ ሐጎስ እዚያው አጠገቤ፣ ካባቸውን እየጠበቁ ነበር። ሁለተኛ ጊዜ።

ስጨርስ እኔና ሲስተር ቀና አድርገን አለበስናቸው። ጫፉን አልተረተርኩትም፤ ቁርጭምጭሚታቸው ላይ በልኩ አረፈ። ሲስተር ካባውን ከመሳለሟ በፊት እኔን ወደ ፊት ገፋ አደረገችኝ። ጎንበስ ብዬ ተሳለምኩት፣ የአንገቱን ቡናማ ላብ።

ከቀብሩ በኋላ ሰባት ቀኔን ጠብቄ ወደ ንስሐ አባታችን ሄድኩ። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ለመናገር የሚከብደው ቃል ሁለተኛ ጊዜ ቀለለኝ። እሁድ ዕለት አልነካም ብዬ ሽማግሌ ማስጠበቄን ስናዘዝ፣ «ሥርዓት ጠብቀሻል ልጄ፣ ምን በደል አለው?» አሉኝ። ረቡዕ ዕለት መንካቴን ስናዘዝ ደግሞ «ለሙት ብለሽ ነው፣ ሌላ ሃይማኖትም ነው» ብለው አሥር ስግደት ሰጡኝ። ሰገድኩ። ግን የፈለግኩት ለዚያኛው ነበር፤ ለእሁዱ። ለእሁዱ የሚሰግዱለት ነገር እስካሁን ማንም አልሰጠኝም። ሲስተርም ከሁለት ዓመት በኋላ ወደ ሌላ ከተማ ተዛውራ ስትሰናበተኝ፣ «ይቅር በዪኝ» ብላት «ይቅር የሚባል ነገር የለም» አለችኝ። ለማጽናናት ነው ያለችው፣ አውቃለሁ። እኔ ግን በደሌን የሚቀበለኝ ሰው እንዳጣሁ ነው የቀረሁት።

በሥርዓቱ ላይ ልፈርድ አይደለም። እናቴ እስክትሞት በፍርሃትና በፍቅር ጠብቃዋለች፣ እኔም ጠብቄዋለሁ። እስካለፈው ዓመት ድረስ ሃያ ስድስት ዓመት በየወሩ፣ ያ ቀን ሲመጣ፣ ከቅጥሩ ውጭ ቆሜ አስቀድስ ነበር። የገባኝ ነገር ቢኖር፣ ያን እሁድ ሥርዓቱ ብቻ እንዳልያዘኝ ነው። መላክ እችል ነበር፤ ባዶ እጄን ሄጄ ለሲስተር በጆሮዋ መናገር እችል ነበር። ያልቻልኩት ማፈሬን ማሸነፍ ነው። ለተቀደሰው ነገር ብዬ አከበርኩት ያልኩት ግማሹ የራሴ ፊት ነበር። አባ ልብሱ ሐጎስን ለመሸፈን ነው እንዳሉት ሁሉ፣ እኔም በዚያ ቀን ራሴን የሸፈንኩበት አክብሮት ነበረኝ፤ የእሳቸው ግን ማንንም ወንበር ላይ አላስቀረም።

ካለፈው ዓመት ወዲህ ያ ነገር ከእኔ ቀርቷል። ዕድሜ ነው። አሁን በፈለግኩት ቀን መግባት፣ የፈለግኩትን መንካት እችላለሁ፤ የሚከለክለኝ የለም። ይህን ነጻነት ሴቶች ሲያወሩት ደስ እያላቸው ነው፣ እኔም ደስ ይለኛል ብዬ ነበር። በዚህ ፍልሰታ የመጀመሪያው እሁድ ነጠላዬን ለብሼ ሄድኩና ደጀ ሰላሙ ጋ ስደርስ ቆምኩ። ሰው በግራና በቀኝ እያለፈኝ ይገባል። አንድ ሽማግሌ ነጭ ለብሰው፣ ወንበር ላይ ሆነው በሩን በሩን ሲያዩ ታዩኝ፤ ትመጣለች፣ አትቸኩሉ እያሉ። ቅዳሴው እስኪያልቅ እዚያው ቆምኩ።